ምርኮኞች ያዳኑት ዜማ፤ ከኤላ ሼፐርድ እስከ አስቴር ጋኖ



የእስራኤል ምርኮኞች በባቢሎን ወንዞች ዳር ተቀምጠው በገናቸውን በዛፍ ላይ እንደ ሰቀሉ፣ የማረኳቸውም ሰዎች ዘምሩልን ባሏቸው ጊዜ የጽዮንን መዝሙር በባዕድ ምድር ለማሰማት አንደበታቸው እንዳልታዘዘላቸው መዝሙረ ዳዊት ይነግረናል። ይህን ክፍል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ የኖርን ሰዎች የምርኮኛ ዕጣ ዝምታ ነው ብለን እናስብ ይሆናል፤ ነገር ግን ከባቢሎን ምርኮ ሁለት ሺህ ዓመት አልፎ በሆነው በሌላው ምርኮ፣ ማለት ከአፍሪካ ዳርቻ በመርከብ ተጭነው ወደ አሜሪካ በተሸጡት፣ እንዲሁም ከኢሉባቦር፣ ከሊሙና ከአካባቢው ታፍነው ወደ ቀይ ባሕር በተነዱት ሰዎች ዘንድ የታየው ነገር ከዚህ የተለየ ነበር። እነዚህ የሚሰቅሉት በገና አልነበራቸውም፤ ልብሳቸው፣ ስማቸውና ዘመዳቸው ተወስዶባቸው የቀረላቸው በቃል የያዙት ዜማና ተረት ብቻ ስለ ሆነ፣ እሱን በባዕድ ምድር አዜሙት። ዛሬ የምናገረው ይህ ዜማ በአየር ላይ በኖ እንዳይቀር ሰብስበው ለጽሕፈትና ለመዘምራን ስላበቁት ሰዎች ነው፤ ከእነዚህም ሰዎች መካከል አንዷ በዚህችው በነቀምቴ ከተማ አስተምረዋል።

አቀናባሪ ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ አስቀድሜ ላስረዳ። ደራሲ አዲስ ዜማ ይፈጥራል፤ ዘማሪ የተፈጠረውን ያሰማል፤ አቀናባሪ ግን በሁለቱ መካከል ቆሞ፣ ፈጣሪው ያልታወቀውንና በሕዝብ አፍ ብቻ የሚኖረውን ዜማ ሰምቶ፣ በጽሕፈት አኑሮ፣ ለመዘምራን ጉባኤ ድምፅ በድምፅ አከፋፍሎ፣ ከተወለደበት እርሻና ጎጆ ወጥቶ በማያውቀው አዳራሽ እንዲሰማ የሚያደርግ ሰው ነው። ይህ ዓይነቱ ሥራ በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንግዳ አይደለም፤ የቅዱስ ያሬድ ድርሰት በየደብሩ መዘምራን ልብ ለብዙ ዘመን በቃል ከኖረ በኋላ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት ባይሠሩለት ኖሮ፣ ከግራኝ ጦርነት ጥፋት በኋላ ምን ያህሉ ሊተርፍ ይችል እንደ ነበረ ማሰብ ያስፈራል።

ከዚህ በኋላ ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እየጠራሁ ወደ አሜሪካው ታሪክ ልግባ። የእርስ በርሱ ጦርነት በ1865 አብቅቶ ባርነት በሕግ ከተሻረ በኋላ፣ በቴነሲ በናሽቪል ከተማ ለነጻ ወጪዎች በ1866 የተከፈተው የፊስክ ትምህርት ቤት፣ ብዙ ዓመት ሳይሞላው በገንዘብ ማጣት ሊዘጋ ተቃረበ። የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥና የመዝሙር አስተማሪ የነበረው ጆርጅ ኋይት ሌላ መላ ቢያጣ፣ ዘጠኝ ወጣት ዘማሪዎችን መርጦ ኦክቶበር 6 ቀን 1871 ወደ ሰሜኑ ክፍል ገንዘብ ለመለመን ተነሣ። ከእነዚህ መካከል ፒያኖ የምትመታውና መዘምራኑን በማለማመድ ኋይትን የምትረዳው ልጅ ኤላ ሼፐርድ ትባል ነበር። በ1851 በባርነት የተወለደች ስትሆን፣ ራሱን በገንዘብ ነጻ ያወጣው አባቷ እሷንም በዋጋ ሲያስለቅቅ እናቷን ግን ለማስለቀቅ አልተቻለውም፤ እናትና ልጅ እንደ ገና አብረው ለመኖር የበቁት ከጦርነቱ በኋላ ነው።

እነዚህ ወጣቶች በመጀመሪያ በአደባባይ ያሰሙ የነበረው በነጮች ዘንድ የተለመደውን መዝሙር ነበር። በባርነት የኖሩት ወላጆቻቸው ያዜሙት የነበረውን፣ ዛሬ ስፒሪቹዋል እየተባለ የሚጠራውን መዝሙር፣ በሰው ፊት ለማሰማት ያፍሩም ይፈሩም ነበር፤ ማፈራቸው ያን ጨለማ ዘመን ስለሚያስታውሳቸው፣ መፍራታቸው ደግሞ እናቶቻቸው በእንባ የጸለዩበት ቅዱስ ነገር ዋጋ ከፍሎ ለገባ ተመልካች መጫወቻ እንዳይሆን ነው። በኋይት ቤት ግን ወንበሩ ጥቂት ስለ ነበረ ወለል ላይ ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንዱ ከእናቱ የሰማውን ለሌላው እያስተማረ ያዜሙት ነበር፤ ኤላ ሼፐርድም ያን ሁሉ እየሰማች በኖታ መጻፍ ጀመረች። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የማከብረው ይህን ሰዓት ነው። በኋላ የመጣው ክብር ሁሉ፣ ማለት በኦሪት ዘሌዋውያን ስለ ነጻነት ዓመት በተጻፈው መሠረት የኢዮቤልዩ ዘማሪዎች ተብለው መጠራታቸው፣ በ1873 እንግሊዝ አገር ተሻግረው በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት መዘመራቸው፣ በድምፃቸው ባገኙት ገንዘብ እስከ ዛሬ የቆመውን የኢዮቤልዩ አዳራሽ ማሠራታቸው፣ መነሻው ያች የሃያ ዓመት ልጅ ያፈሩበትን ነገር ለመጻፍ የሚገባ ክቡር ነገር ነው ብላ እርሳሷን ማንሣቷ ነው።

ከእሷ በኋላ የመጡት ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም ለመዘርዘር ጊዜው ስለማይበቃ ሦስቱን ብቻ ልጥራ። ሃሪ በርሊ በ1866 በፔንሲልቬንያ ተወልዶ፣ ነጻነቱን በገንዘብ የገዛውን ዓይነ ስውር አያቱን ሃሚልተን ዋተርስን እጁን ይዞ በየመንገዱ ፋኖስ ሲያበራ እየመራ፣ የድሮውን መዝሙር ከአያቱ አፍ የተማረ ሰው ነው። በኒው ዮርክ ሲማርም ለታላቁ የቦሄሚያ ደራሲ ለድቮርዣክ እነዚያን መዝሙሮች እየደጋገመ አሰምቶታል፤ ከ1894 ጀምሮ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ለ52 ዓመት በመዘምርነት ሲያገለግል፣ የአያቱን ዜማ ማንኛውም የሠለጠነ ዘማሪ በአዳራሽ ሊያቀርበው በሚችል መልክ ጽፎ አሳተመ። በ1925 መዘምራኑን ያቋቋመው ሆል ጆንሰን ደግሞ የበርሊን መንገድ ሳይነቅፍ ሌላ ነገር ፈለገ፤ የባሮቹ ጉባኤ ሲዘምር እያንዳንዱ ሰው ዜማውን በራሱ መንገድ እያጐበጠ፣ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ፣ ግን ሁሉም በአንድ መንፈስ ይሄድ እንደ ነበረ ከአያቱ ስለ ተማረ፣ ያ ሸካራነት በልምምድ ብዛት ተልጦ እንዳይጠፋ አጥብቆ ይጠነቀቅ ነበር።

ሦስተኛው ዊልያም ዶውሰን ነው። በ1899 በአላባማ ተወልዶ፣ ገና በ13 ዓመቱ ለትምህርት ሲል ከቤቱ ጠፍቶ ቡከር ዋሽንግተን ወዳቋቋመው ወደ ተስኪጊ ትምህርት ቤት ገባ፤ በኋላም ወደዚያው ተመልሶ ከ1931 ጀምሮ ለብዙ ዓመት መዘምራኑን መራ። አቀናባሪ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት የሚፈልግ ሰው ነቢዩ ሕዝቅኤል ስላየው መንኰራኵር የተዜመውን መዝሙር ዶውሰን እንዴት እንዳቀናበረው ይስማ። ዜማው የሕዝቡ ነው፤ ዶውሰን አልለወጠውም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር አንደኛው የድምፅ ክፍል ዜማውን ሲይዝ ሌሎቹ ትርጉም የሌላቸውን አጫጭር ክፍለ ቃላት በፍጥነት እየደጋገሙ፣ መንኰራኵር በመንኰራኵር ውስጥ የሚዞር እስኪመስል ድረስ በዙሪያው እንዲሽከረከሩ ማድረግ ነው። በትምህርት ቤት የተማረውን የአውሮፓ ጥበብ የተጠቀመበት የሕዝቡን ዜማ የአውሮፓ ለማስመሰል ሳይሆን፣ በዜማው ውስጥ ተኝቶ የነበረውን ነገር ለመቀስቀስ ነው። በ1952 ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሄዶ የሰማው የከበሮ ምት ደግሞ ከዚያ በፊት የደረሰውን ሲምፎኒ እንደ ገና እንዲያስተካክል አስገደደው።

ወገኖቼ፣ አሁን ከአላባማ ወደ ምጽዋ እንሻገር። ሌሎች በሩቅ አገር ያደረሱትን ግፍ እየሰማን እጃችንን ታጥበን መቀመጥ አይገባንምና፣ እዚህ የምናገረው ግፍ በገዛ አገራችን ነገሥታት፣ መኳንንትና ነጋዴዎች እጅ የተፈጸመ መሆኑን በግልጽ እናገራለሁ። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አካባቢ የተወለዱትና በኋላ ኦኔሲሞስ ነሲብ የተባሉት፣ ሕዝቡም አባ ገመቺስ እያለ የሚያከብራቸው ሰው፣ በልጅነታቸው ታፍነው ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ምጽዋ ደረሱ። በ1870 በዚያ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ወርነር ሙንዚንገር ነጻ አውጥቶ ለስዊድን ሚሲዮን ሰጣቸው፤ በምጽዋ አጠገብ በእምኵሉ ተምረው በ1872 በትንሣኤ በዓል ሲጠመቁ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ባሪያ ሆኖ የተጠቀሰው የአናሲሞስ ስም ወጣላቸው። ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን ከተማሩ በኋላ ወደ ወገኖቻቸው ለመድረስ አንድ ጊዜ በሱዳን፣ ሌላ ጊዜ በታጁራና በእንጦጦ በኩል ቢሞክሩ መንገዱ ስለ ተዘጋባቸው፣ ወደ እምኵሉ ተመልሰው በአካል ያልደረሱበትን አገር በጽሕፈት ለመድረስ ቆርጠው ተነሡ። ከዚህም ሥራ መጀመሪያ ከታተሙት አንዱ በ1887 የወጣው የኦሮምኛ መዝሙር መጽሐፍ ነበር።

ነገር ግን ኦኔሲሞስ ከአገራቸው የተለዩት በልጅነታቸው ስለ ሆነ፣ ለታላቁ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የሚያስፈልገው የቋንቋ ሀብት በእሳቸው ዘንድ ብቻ ሊገኝ አይችልም ነበር። ያ ሀብት የመጣው ከአንዲት ልጃገረድ ነው። አስቴር ጋኖ ገና በሕፃንነታቸው በሊሙ እናርያ ንጉሥ ቤት በባርነት ተይዘው ከኖሩ በኋላ፣ ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ በባሕር ሲወሰዱ በ1886 የኢጣሊያ መርከቦች ጀልባውን ይዘው ነጻ አወጧቸው፤ ወደ እምኵሉም ትምህርት ቤት ገቡ። ኦኔሲሞስ የዚህችን ልጅ የአእምሮ ጥራትና ለቋንቋው ያላትን ስሜት ባዩ ጊዜ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት የማዘጋጀቱን ሥራ ሰጧት፤ ይህም መዝገብ በ1893 ለታተመው ለአዲስ ኪዳን ማረሚያ ሆነ። ከዚህ ጋር አስቴር ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ እንቆቅልሹንና ዘፈኑን 500 ያህል አድርገው ጻፉ፤ ከዚህም ብዙው በ1894 ‹ጀልቀበ በርሲሳ› በተባለው የጀማሪዎች የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ታተመ።

ይህን ነገር በጥሞና እንመልከተው። አስቴር ጋኖ ያን ሲጽፉ መንደር ለመንደር እየዞሩ ሽማግሌ ለመጠየቅ የሚችሉ አልነበሩም፤ መንደሩ በመቶ የሚቈጠር ማይል ርቆ፣ መንገዱም በባሪያ ነጋዴዎችና በጦርነት ተዘግቶ ነበር። ያላቸው የራሳቸው ተዘክሮና እንደ እሳቸው ታፍነው ነጻ የወጡት ጓደኞቻቸው በቃል የያዙት ብቻ ነበር። በጅራፍና በረኀብ መካከል ያለፈ ሕፃን እናቱ ያዜመችለትን እሹሩሩ፣ በምሽት እሳት ዳር የሰማውን ተረት፣ በአውድማ የሰማውን ዘፈን ሳይረሳ ይዞ ባሕር ዳር መድረሱን ሳስብ፣ የናሽቪሎቹ ወጣቶች ወለል ላይ ተቀምጠው አንዱ ለሌላው ያስተማሩት መዝሙር ትዝ ይለኛል። ኤላ ሼፐርድና አስቴር ጋኖ አንዷ የሌላዋን ስም ሳትሰማ፣ በአንድ ዘመን፣ አንድ ዓይነት ሥራ ሠርተዋል። ልዩነታቸው ሼፐርድ ኖታ ተምራ ስለ ነበረ ቃሉንም ዜማውንም ማትረፍ ስትችል፣ አስቴር በፊደል ቃሉን ብቻ ማትረፋቸው ነው። ከእነዚያ ዘፈኖች ጋር የነበረው ዜማ በመጽሐፉ ገጽ ላይ የለም። ይህን የምናገረው ለወቀሳ አይደለም፤ ያተረፉት ነገር ማንም ያላተረፈው መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ወቀሳ አይታሰብም።

መላው መጽሐፍ ቅዱስ ተተርጕሞ በ1899 በስዊዘርላንድ በቅዱስ ክሪሾና በግዕዝ ፊደል ታተመ፤ በ1904ም ኦኔሲሞስና አስቴር ከጓደኞቻቸው ጋር ነቀምቴ ገቡ። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞሮዳ፣ በክብር ተቀብለዋቸው ትምህርት ቤት ሲከፈት አስቴር አስተማሪ ሆኑ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት አላስረዝመውም፤ ኦኔሲሞስ በ1906 አዲስ አበባ ድረስ ተከሰው በአቡነ ማቴዎስ ፊት ሲቀርቡ፣ ዐፄ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ፣ ነገር ግን እንዳይሰብኩ አዘዙ፤ በ1916 ልጅ ኢያሱ በጻፉላቸው ደብዳቤ ተፈቅዶላቸው በጁን 1931 እስካረፉ ድረስ አስተማሩ።

ከዚያ በኋላ መዝሙር በወለጋ ከተሞች እንዴት እንደ ተስፋፋ ስንመለከት፣ ነቀምቴ፣ ነጆ፣ ቦጂና አይራ በአንድ በኩል፣ ከ1919 ጀምሮ የአሜሪካ ፕሬስቢቴርያን ሚሲዮን የገባበት ደምቢ ዶሎ በሌላው በኩል፣ ሁሉም የኦሮምኛ መዝሙር የሚዘምሩ ጉባኤዎች ሆኑ። በደምቢ ዶሎ በሕፃንነታቸው በፈንጣጣ ዓይናቸው የጠፋው ቄስ ጊዳዳ ሶለን፣ የቀድሞው ፕሬዚደንት የነጋሶ ጊዳዳ አባት፣ ቅዱሱን ቃል በቃላቸው ይዘው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሚሲዮኖቹ ሲባረሩ ጉባኤውን መምራታቸውን ስሰማ፣ የሃሪ በርሊን ዓይነ ስውር አያት አስባለሁ፤ በሁለቱም አገር መጽሐፍ ለማየት ያልተቻለው ሰው መጽሐፍ ሆኖ ኖሯልና።

እንግዲህ ልቤን ወደሚነካው ነገር ደርሻለሁ። አባቶቻችን ከሚሲዮኖቹ የተቀበሉት መዝሙር ቃሉ ኦሮምኛ ሆኖ ዜማው ግን አብዛኛው ከስዊድን፣ ከጀርመንና ከእንግሊዝ የመጣ ነበር። ያ ዜማ ብዙ ነፍስን ያጽናና ስለ ሆነ በክብር ሊያዝ ይገባል፤ ይሁን እንጂ በኦሮምኛ አንድ ድምፅ ሲረዝምና ሲያጥር፣ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ ይለወጣል፤ ለስዊድን ቃል የተሠራ ዜማ ረጅሙን ኖታ በአጭሩ ድምፅ ላይ፣ አጭሩን በረጅሙ ላይ ሲጥለው ሰሚው ቃሉን የሚረዳው ቀድሞ በቃሉ ስለ ያዘው ብቻ ነው። የአገሩ ዘፈን ግን ከቋንቋው ጋር አብሮ ያደገ ስለ ሆነ ይህ ችግር የለበትም። በኋለኛው ዘመን በየጉባኤው የተነሡት የወጣት መዘምራን የራሳቸውን ዜማ እያወጡ በአገሩ ቅኝት መዘመር መጀመራቸው፣ በተለይም በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በወለጋ ሲዘጉ መዝሙሩ አለመጥፋቱ ያስደስተኛል፤ ነገር ግን ይህ አዲስ ድርሰት ነው እንጂ ሼፐርድና ዶውሰን የሠሩት ዓይነት ሥራ አይደለም። የጥንቱን የሕዝብ ዜማ ሰብስቦ፣ ኖታ ጽፎለት፣ ለሶፕራኖ፣ ለአልቶ፣ ለቴኖርና ለባስ ማከፋፈል፣ አስቴር በቃል በኩል የጀመሩትን በዜማ በኩል መፈጸም፣ ገና ሠራተኛ የሚፈልግ እርሻ ነው።

ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው ሁለት ነገር ልናገር። የወለጋ ዘፈን እንደ ስፒሪቹዋሉ ሁሉ አንድ ሰው አውጥቶ ብዙዎች የሚቀበሉት ነው፤ አቀናባሪው አውጪውን ትቶ አራቱንም ድምፅ እኩል ቢያስኬዳቸው የዘፈኑን አጥንት ሰበረው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ዜማው በአምስት ድምፅ የተገነባ ስለ ሆነ፣ ከአውሮፓ መጽሐፍ የተወሰደ ስምምነት ቢጫንበት በቅኝቱ ውስጥ የሌለ እንግዳ ድምፅ እየገባ ቅኝቱን ያደፈርሰዋል። ዶውሰን ያደረገውን ማድረግ ይሻላል፤ ታችኛው ድምፅ አንዱን ኖታ ይዞ ይቆይ፣ መካከለኞቹ የከበሮውንና የጭብጨባውን ምት በአፋቸው ይድገሙ፣ ላይኛው ያውጣ፣ ሁሉም ይቀበል።

ሥራውም እዚሁ ነቀምቴ ሊጀመር ይችላል። የየከተማው መዘምራን መሪዎች በየገጠሩ ያሉትን አረጋውያን፣ በተለይም እናቶችን፣ የሠርጉንና የሥራውን ዘፈን፣ የልጅ ማባበያውን፣ የጀግንነቱን ዘፈን ገረርሳውን ሳይቀር በድምፅ መቅጃ ይቀበሉ፤ ባለቤቱን፣ መንደሩንና ቀኑን ይጻፉ። የተቀዳው በወለጋ ዩኒቨርሲቲና በአይራው በኦኔሲሞስ ነሲብ ሴሚናሪ በሁለት ቅጂ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ኖታ የሚያውቅ ሰው ይጻፈው፣ ያቀናብረውም፤ ቅንብሩ ሲያልቅም በአዳራሽ ከመሰማቱ በፊት መዘምራኑ ወደ ዘፈኑ ባለቤት ወደ አረጋዊቱ ቤት ሄደው ያሰሟት፣ ይህ የእኔ አይደለም ያለችበትን ቦታ ሁሉ ያርሙት።